ሰባቱ አገዳዎችና የቹንሳም ፍየል

ውድ አቶ ናም ሳንግዱ፣

ጤናዎን ከመጠየቄ በፊት ሪፖርት አለኝ። ቅደም ተከተሉን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ማሳችን ዳር ቆመው ጫማዎን ከጭቃ እያላቀቁ «መጀመሪያ ሪፖርት፣ ሰላምታ የትም አይሄድም» ይሉን ነበር። እንግዲህ ሪፖርቱ ይኸው፦ በቤቴ ውስጥ ዕፀ ፋሪስ አለ።

ይቀመጡ። ልጅዎ ውኃ ታምጣልዎት። ስልኩንም አያንሱ፤ ፖሊስ ያውቃል። ሚኒስቴሩም ያውቃል፤ ፈቅዶ ማኅተም መትቶበታል። የዶልሜ መንደር ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት የአረጋውያን ቤትም ያውቃል፤ እንዲያውም ከሚኒስቴሩ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው ያወቀው። ከሚመለከታቸው አካላት ሁሉ ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጡረታ ወጥተው ኡልሳን ልጅዎ ዘንድ ከገቡ ስምንት ዓመት ቢሆንም፣ በዚህ ሸለቆ አንዲት ቅጠል እርስዎ ሳያውቁ ከተንቀሳቀሰች ዛሬም ወንጀል የሠራሁ ይመስለኛል።

ዝርዝሩ እነሆ። ብዛት፣ አንድ ጠርሙስ፤ ከተቀበልናቸው ሁለቱ የመጀመሪያው አልቋል። መጠን፣ መቶ ሚሊ ሊትር፤ ከዛሬ ጠዋት በኋላ ስድሳ አራት የቀረው። መልክ፣ የጠራ ዘይት። ሽታ፣ እንጆሪ። የሚገኝበት ቦታ፣ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ባመጣሁት የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ተቆልፎ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ። ባለቤት፣ የልጅ ልጄ ሶዳም። ዕድሜ፣ ስድስት። ሥራ፣ ዶሮ ማባረር።

መጀመሪያ ሲመጡ እኔ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ እርስዎ አዲስ ጫማ ያደረጉ አዲስ ሹም። አያቶቻችን ሳም ብለው የዘሩትን፣ አገዳውን ልጠን፣ ቃጫውን በጥርስ ሰንጥቀን፣ ጉልበታችን ላይ እየቀጠልን ለሙቀት ወራት ልብስና ለመግነዝ የምንሸምነውን ተክል፣ ሕጉ ዴማ፣ ማለትም ዕፀ ፋሪስ፣ ብሎት ከአደንዛዥ ዕፆች ተራ አስገብቶት ነበር። አገዳው የእኛ፣ ቅጠሉ የመንግሥት ሆነ። የመንግሥት ድርሻ ደግሞ ሹም ቆሞ እያየ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ግብር ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ከፋዩም አይበላው፣ ተቀባዩም አይበላው።

ሌላው ወረዳ በመሬት ስፋት ይለካ ነበር። እርስዎ ግን ጫፏ ቀይ በተቀባ በትር እየነኩ አገዳውን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር፤ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይንዎ አይነቀልም። መሐል ላይ ሰው ሰላም ካለዎት ይጠፋብዎትና ከአንድ ይጀምራሉ። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ሰላምተኛ ሆነ። ከሁሉ የከፋችው ሞራን ነበረች፣ የመጀመሪያ ልጄ። ከሳሙ ውስጥ ብቅ ትልና «አጎቴ ናም፣ ጤና ይስጥልኝ» ትላለች፤ እርስዎም ስድስት መቶ ላይ ደርሰው «ጤና ይስጥልኝ» ብለው መልሰው በትሩን ይዘው ወደ መጀመሪያው ረድፍ ይመለሳሉ። ተቆጥተዋት አያውቁም። የተቆጡት እኔን ነው፤ ልጄን ሥርዓት በማስተማሬ።

የመጀመሪያውን ፊርማስ ያስታውሱታል? መዝገቡን ሲዘረጉልኝ እንደ ሰው ሁሉ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አቀረብኩ። እጄን በበትሩ ጫፍ ወደ ጎን አደረጉት። «ወይዘሮ ክዎን፣ ጣት ማንም አለው። ስምዎ ግን የእርስዎ ብቻ ነው። ይጻፉት» አሉኝ። አልችልም አልኩ። «እንግዲያው ሳሙ ይጠብቅዎታል» ብለው ሄዱ። አቶ ናም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት አሥራ አንድ ቀናት ስለ እርስዎ ያልኩትን እዚህ አልጽፍም፤ ደብዳቤውን የምታነብልዎት ልጅዎ ናት። ብቻ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በከሰል የሸማኔ ዕቃዬን እንጨት እስኪጠቁር ሞነጫጭሬ፣ ክዎን ፒልሬ ብዬ ጻፍኩልዎት። መነጽርዎን አውልቀው አዩትና «ሁለተኛዋ ፊደል ተንጋዳለች፤ ለከርሞ ትቃና» አሉ። ለከርሞም አቃናኋት። ከዚያ የመሬት ቅጽ፣ የዘር ቅጽ፣ የቅጠል ማቃጠያ ቅጽ። ሌላው ሰው ማንበብ የተማረው በትምህርት ቤት ነው፤ እኔ የተማርኩት በአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ነው።

በስድስተኛው ዓመት የሆነውንም አልረሱትም። ሳሙ ከሰው ቁመት አልፎ ለአጨዳ ሲደርስ መጡ። በፊት የመዘገቡት አንድ ሺህ ሁለት መቶ አራት ነበር። ያን ቀን የቆጠሩት አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ሰባት ሆነ። ደገሙት። ሠለሱት። ሰባት አገዳ ጎደለ። መዝገቡን ደረትዎ ላይ ይዘው አዩኝ፤ እኔም አየሁዎት። በዚህ መሐል ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቴ የቹንሳም ፍየል ጮኸች፤ እኔም «ፍየሏ ናት» አልኩ። እርስዎ ፍየሏን ብዙ አዩአት። ከዚያ ጻፉ፦ የጎደለ፣ ሰባት። ምክንያት፣ ፍየል።

ቹንሳም «የፍየሌን ጠባይ መንደሩ ይመስክር» ብሎ ተሟገተ። እርስዎም ለአንድ ዓመት እንድትታሰር ወሰኑባት። በዚህ ወረዳ በዴማ ወንጀል የታሰረች ብቸኛዋ ፍጡር እሷ ናት። ስሟ እንደጎደፈ ሞተች፤ ቹንሳም ይህን እስካለፈው እሑድ ድረስ አልረሳልኝም።

ጡረታ ሲወጡ የተረፉትን ባዶ መዝገቦች በገመድ አስረው «ለልጅ ልጆችዎ መሳያ ይሁኑ» ብለው ሰጡኝ። አልተሳለባቸውም። ነገሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ልጄ ጊቴና ሚስቱ ሄራን ከዴጉ ጠቅልለው እኔ ዘንድ የመጡት ሶዳም ሁለት ዓመት ሲሞላት ነው። የሚጥል በሽታ ነው፤ ግን ተራው ዓይነት አይደለም፤ የሁለት የውጭ አገር ሐኪሞች ስም ተጣምሮ የወጣለት፣ ሲጠሩት ራሱ ምላስ የሚጥል። ስትቆም ይጥላታል፣ ስትቀመጥ ይጥላታል፣ ስትስቅ ይጥላታል። ስለዚህ ዶሮዎቼን የምታባርረው ሄልሜት አድርጋ ነው። አምስት ዓይነት መድኃኒት ሞከርን። አንዱ አስተኛት፣ አንዱ አስለቀሳት፣ አንዱ ሩዝ አስጠላት፤ በሽታውን ግን አንዱም ቀና ብሎ አላየውም።

ሐኪሟ ስንት ጊዜ እንደሚጥላት ጻፉ አለን። ሄራን በስልኳ ልትጽፍ ሞከረች፤ ልጅ ይዞ ስልክ መያዝ አይቻልም፣ ስልኩ ወደቀ፣ ፊቱ ተሰነጠቀ። እኔ የእርስዎን መዝገብ አወጣሁ። ዓምዶቹን ያውቋቸዋል፤ የተዘራ፣ የቆመ፣ የጎደለ፣ የተቃጠለ፣ ምስክር። በሽታ የሚል የለም። አሰብኩ አሰብኩና «የተቃጠለ» በሚለው ሥር አስገባሁት፤ ሲይዛት ከውስጥ እሳት የሚነሣባት ይመስለኛልና። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ። ሲመሽ ልጅቷ አለችና «የቆመ» በሚለው ሥር አንድ ብዬ እጽፋለሁ። «ምስክር» የሚለውን ባዶ ተውኩት፤ ምስክር ሹም መሆን አለበት ብለውኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ ጻፍኩ፤ አንድ ስርዝ ድልዝ የለበትም።

ሐኪሙ ዶክተር ማ ይባላል። መጀመሪያ ስሙን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዴማ ማለት ትልቁ ማ፣ ትልቁ ሳም፣ ማለት ነውና የሳም ዘመድ መስሎኝ። የእሱ ማ ፈረስ ማለት እንደሆነ ነገረኝ። ምንም አይደል፣ ፈረስም ሣር ቅጠል ነው የሚበላው። እናም በዚህ ዓመት ሚያዝያ ላይ መዝገቤን ተቀብሎ አነበበ፤ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣና እዚያው ቀረ።

«እማማ፣ እዚህ ላይ እንደተጻፈው ልጅቷ በመጋቢት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተቃጥላለች።»

«ልክ ነው» አልኩት። «ሃያ ሦስቱ ቁርስ ላይ ነው።»

የሄራን ፊት በኀፍረት ቀላ። ስለ መዝገቡ፣ ስለ ሳሙ፣ ስለ እርስዎ አስረዳሁት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለበጠ፣ ሁለቱን ዓመት በሙሉ፤ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ማጉረምረም እስኪጀምሩ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኛ ሳበና በዚህ መጋቢት ሕጉ እንደተለወጠ ነገረን። የታመሙ ልጆች እናቶች ፓርላማው ፊት ቆመው፣ ከውጭ አገር በፖስታ ያስመጡትም እየተከሰሱ፣ ያስለወጡት ሕግ ነው። ከዴማ የሚወጣ አንድ ዘይት አለ፤ የሚያሰክረው ነገር ተለይቶ የወጣለት። እንደ ሽንኩርት ገበያ አይገዛም፣ ከፋርማሲም አይገኝም። ሐኪም በሽታው ይሄ ነው፣ ሌላው መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ አልሠራም ብሎ ይጽፋል፤ ማዘዣ ይጽፋል፤ ቤተሰቡ ለሚኒስቴሩ ያመለክታል፤ ሚኒስቴሩ ከፈቀደ ሴኡል ያለው ማዕከል በልጅቷ ስም ከባሕር ማዶ ያስመጣል። በሌላ መንገድ የሚመጣ ጠብታ ሁሉ እስር ቤት ያስገባል።

«ከባዱ ሌላው መድኃኒት እንዳልሠራ ማሳየት ነው» አለ፤ መዝገቡን በመዳፉ ሸፍኖ። «እንዲህ ያለ ማስረጃ ግን አይቼ አላውቅም። ማን አስተማረዎት?»

«የወረዳው የዴማ ሹም» አልኩት። አቶ ናም፣ እዚያ ወንበር ላይ አንገቴ በአንድ ጣት የረዘመ መሰለኝ።

በአውቶቡስ ተመለስን። ቤት ገብተን ሶዳምን ካስተኛናት በኋላ ሄራን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠችና አልችልም አለች። ሄራን የኢንቾን ልጅ ናት። ሳምን የምታውቀው በአባቷ ቀብር ነው፤ እሱን ገንዘውበት፣ እሷም ለብሳው።

«እማዬ፣ ይሄ የሙታን ልብስ ነው። ልጄ ሳትሞት ላጎርሳት ነው?»

ይህን አልጠበቅኩም ነበር። ሰክራ ትቀራለች፣ ሱስ ይይዛታል ብትል መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ ግን አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«ሄራን፣ ሳም የሙታን ልብስ የሆነው ሙታን ስለማያማርሩ ነው። በሕይወት ያለው ሻከረኝ ብሎ ናይለን ገዛ። ታዲያ ሳሙ ምን ያድርግ?»

ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አርባ ዓመት ለሚተኛ ሰው ሸመንኩ» አልኳት። «አንዴ እንኳ ለምትቆም ልጅ ይሁን እንጂ።»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «እሺ» አለች፤ «ግን ቅጹን እማዬ ይሙሉት።»

ሞላሁት። ስድስት ወረቀት ነው፤ ለእርስዎ ተማሪ ቁርስ ነው። ጊቴ ኮምፒዩተር ላይ ልሥራልሽ አለኝ፤ አንተ ዶሮዎቹን አብላ አልኩት። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ከመፈረሜ በፊት ሁሉንም ጎን ለጎን ደርድሬ ቁጥሩን ከቁጥር አስተያየሁ። ይሄኔ ያዝኩት። የሐኪሙ የአስተያየት ጽሑፍ ሦስት ጠርሙስ ይላል፤ ማዘዣው ሁለት። «ሁለት ወረቀት ከተጣሉ የሚቀጣው ያዢው ነው» ይሉ አልነበር? በማግሥቱ በአውቶቡስ ዴጉ ሄድኩና ዶክተር ማ በር ላይ ቆምኩ። ወረቀቶቹን አይቶ ግንባሩን መታ። እንዲህ ሄዶ ቢሆን ተመልሶ ይመጣ ነበር፣ ወር ይባክን ነበር አለ። ወር ማለት በእኛ ቤት መዝገብ ሁለት መቶ ጊዜ ነው። አስተካክሎ ማኅተም መታበትና እስከ አሳንሰሩ ድረስ ሸኘኝ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች የሚኒስትር እናት ሳልመስላቸው አልቀረሁም።

ፈቃዱ መጣ። መድኃኒቱም ባሕር አቋርጦ ገባ። ተቀበሉ ሲሉን ከሄራን ጋር ሴኡል ወጣን። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛ በጣም ትሑት ናት፤ አሮጊት ስታይ ጊዜ ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አስረዳችኝ። ይህ በጥብቅ የሚያዝ ነገር ነው፣ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ የተረፈው አይጣልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ስለማያውቁ እንዳይደናገጡ አለችኝ።

«ዴማ ነው አይደል?» አልኳት። «አርባ ዓመት ይዣለሁ።»

ብዕሯ ቆመ። ሄራን ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ እስካሁን አለ። እኔ ግን ለእንዲህ ያለ ቀን ብዬ የያዝኩትን አወጣሁ፤ የአርባ ዓመት የሳም ዘሪ ፈቃዶቼን፣ በየዓመቱ፣ ሠላሳ ሁለቱ የእርስዎ ቀይ ማኅተም ያለባቸው። ልጅቱ አገላብጣ አየቻቸው። ማመልከቻውንም መልሳ አየች።

«ይሄንን ማን ሞላው?»

«እኔ።»

«እናቴ፣ ከዚህ መስኮት አንድም ጊዜ ሳይመለስ ያለፈ ወረቀት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አለችና ሁለቱን ጠርሙሶች በሁለት እጅዋ፣ እንደ ስጦታ፣ አቀበለችኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሄራን የለቅሶዋን ተራ ስትጠብቅ ስለነበረች እዚያው ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም፤ እየፈረምኩ ነበር። ሁለተኛዋ ፊደል ቀጥ ብላለች።

የአረጋውያን ቤቱ «ፒልሬ በስተርጅናዋ ሱሰኛ ሆነች» እያለ ጠበቀኝ። ቹንሳም ፊተኛው ነው።

«እስቲ አንድ ጠብታ ለጉልበቴ።»

«ማዘዣ አለህ?»

«ጉልበት አለኝ።»

ተነሥቼ ቆምኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ አገጬን ከፍ አድርጌ፣ በትር ባይኖረኝ የጃንጥላ ዘንግ ይዤ፣ ስለ ሕጉ ገለጻ ሰጠኋቸው። ማዘዣ የሌለው ሰው ጠብታ ቢቀምስ ቀማሹም ያቀመሰውም ይታሰራሉ። ጉልበት፣ ወገብ፣ የሚስት ጭቅጭቅ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ለሶዳም እንኳ ጠርሙሱ ሲያልቅ ሐኪሙ እንደገና ይጽፋል፣ እኛ እንደገና እናመለክታለን፣ እንደገና ሴኡል እንወጣለን። ስጨርስ ቹንሳም «ነፍሱን ይማረው፣ ናም ሳንግዱ ተነሣ» አለ። በሕይወት እንዳሉ ነገርኩት። «እንግዲያው መንትያው ነሽ» አለ። አቶ ናም፣ ሊሰድበኝ ነበር። እንደ ሹመት ተቀበልኩት።

ሶዳም ጠዋትና ማታ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ፣ በጉንጯ በኩል ትወስዳለች። የእንጆሪውን ሽታ ስለወደደችው አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች፣ እንደ ጫጩት። አልዳነችም። ትድናለች ብሎ ቃል የገባልን የለም። ነገር ግን መዝገቡ ይናገር፦ መጋቢት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ያለፈው ወር፣ አርባ ዘጠኝ። አንድም ያልተጻፈባቸው አምስት ቀናት አሉ። በመጀመሪያው ባዶ ቀን ሄራን መዝገቡን ተቀብላኝ ባዶውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ወረቀቱ ትኩስ ይመስል። አሁን ልጅቷ ሦስት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። የመጀመሪያው «አያቴ፣ ዶሮዋ ሸሸች» የሚል ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ንግግር ከየትኛውም ፓርላማ አልሰማሁም።

ሪፖርቴ እዚህ ቢያልቅ ባማረ። ግን ጉድለት አለበት፤ ጉድለት ያለበት ሪፖርት አይፈረምም።

ፍየሏ አልበላቻቸውም።

ሞራንም ይጥላት ነበር። ያኔ ስም የወጣለት በሽታ አልነበረም፤ የመንደሩ ጠንቋይ መጥታ ከበሮ መታች፣ አለቀ። በስድስተኛው ዓመት፣ እርስዎ ለቆጠራ ከመምጣትዎ አራት ቀን በፊት፣ ጠዋት ላይ ያዛትና አልለቀቃትም። አራት ዓመቷ ነበር። የትንሽ ልጅ ቀብር በእኛ ዘንድ ሥርዓት እንደሌለው ያውቃሉ፤ በዚያው ቀን፣ ያለ ሙሾ አውራጅ፣ ያለ ለቀስተኛ፣ አባት ይዟት ተራራ ይወጣል። በቤቴ አንድ ክንድ የሳም ጨርቅ አልነበረም፤ ለሰው ሬሳ ሸጬው ነበር። በነበራት ቀሚስ ጠቀለልኳት። ትልቅ ሰው ሲገነዝ በሰባት ቦታ ይታሰራል፤ ለሕፃን አይደረግም አሉኝ። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ማጭድ ይዤ ማሳው ገባሁ፣ ሰባት አገዳ ቆረጥኩ፣ እርጥብ ልጡን ገፍፌ በሰባት ቦታ አሰርኳት። ያልተመዘገበ፣ ያልተፈቀደ፣ ቅጠሉ ያልተቃጠለ። ሙሉ ወንጀሌ ይኸው ነው።

ለሠላሳ አራት ዓመት እርስዎን እንዳታለልኩ ለራሴ ስነግር ኖርኩ። ግን ፍየል ቅጠል ነው የምትበላው፣ አገዳውን ትታው ትሄዳለች፤ እርስዎ የገበሬ ልጅ ነዎት። ጉቶዎቹ በማጭድ ተስተካክለው የተቆረጡ ነበሩ፤ ጎንበስ ብለው በጣትዎ ሲነኳቸው አይቻለሁ። ደግሞም ያን ቀን ሦስት ጊዜ ሲቆጥሩ አንድም ጊዜ ሰላም ብሎ ያቋረጠዎት አልነበረም። ሦስተኛውን ሲጨርሱ ወደ ሳሙ ውስጥ ቆመው ተመለከቱ። «ትንሿስ?» አሉኝ። «ሄደች» አልኩ። ያኔ ነው ፍየሏ የጮኸችው።

እውነቱን ጽፈው ቢሆን ፈቃዴ ይነጠቅ፣ ስሜ ከዕፅ ወንጀለኞች ይገባ ነበር። ሴኡል መስኮቱ ላይ የዘረጋኋቸው ፈቃዶች አይኖሩም ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብዎ ውስጥ አንዲት ሐሰት ብቻ አለች፤ እሷም በሦስት ፊደል፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈት፣ ማኅተም ተመቶባት። በእርስዎ ኮርቻለሁ፤ ይህን ፊት ለፊት ብነግርዎት ኖሮ ደንቡን ይጠቅሱብኝ ስለነበር ነው በፖስታ የምነግርዎት።

ለቹንሳም ባለፈው እሑድ ነገርኩት። «ሠላሳ አራት ዓመት የፍየሌን ስም አጥፍተሽ» አለ። ቀጥሎም «ያኔውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ ሌላ ፍየል ተውሼ ሁለቱም በልተዋል ብዬ እመሰክር ነበር» አለኝ። ስለዚህ መዝገቡ ይታረም፤ ፍየሏ ነፃ ትውጣ። ሰባቱን እኔ ወስጃለሁ። ለሞራን ነው።

እጅዎ መንቀጥቀጥ ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የዛሬውን የመዝገብ ገጽ ልኬያለሁ፤ «ምስክር» የሚለው ሁለት ዓመት ባዶ ነው የቆየው። ብዕር ካስቸገረዎት አይጨነቁ። ጣት ማንም አለው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የእርስዎን አውራ ጣት እቀበላለሁ። ሳሙ ሲደርስ ደግሞ በልጅዎ መኪና ይምጡ፤ አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ስድስት መቶ ላይ ሲደርሱ ሄልሜት ያደረገች አንዲት ልጅ ከውስጥ ብቅ ብላ ሰላም ትልዎታለች። አሠልጥኛታለሁ።

የተዘራ፦ አንድ።
የተቃጠለ፦ ዛሬ የለም።
የጎደለ፦ የለም።
የቆመ፦ አንድ።
ምስክር፦ ......................
ሪፖርት አቅራቢ፦ ክዎን ፒልሬ፣ በገዛ እጇ ጽሕፈት፣ ከዶልሜ።